በቅጥር ላይ የሚበቅለውን ማን ይጠብቀዋል?
ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት የተዘጋጀ ትምህርት

ግንቦት 1 ቀን የእመቤታችንን ልደት ስናከብር ንፍሮ ይዘን ከደጅ የምንሰበሰበው በሊባኖስ መወለዷን ለማሰብ ነው። ሊባኖስ ሲነሣ ዝግባው ይታወሰናል። ሆኖም ጠቢቡ ሰሎሞን ከሊባኖስ ዝግባ ጀምሮ በቅጥር ላይ እስከሚበቅለው ሂሶጵ ድረስ እንደ ተናገረ በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ (4፥33) ተጽፏል። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅድስት ሀገርን የጐበኘው ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ፍሬድሪክ ሃሰልክዊስት ይህ ተክል ሞስ ሳይሆን እንደማይቀር ገምቶ ነበር። የዛሬ ሊቃውንት በአብዛኛው ሌላ ተክል ነው ቢሉም፣ እኛን የሚመለከት ጥያቄ ይቀራል፤ በቅጥራችን ላይ ስለሚበቅለው ታናሽ ፍጥረት ምን እናውቃለን?

ሞስ ምንድን ነው?

ሞስ በክረምት በድንጋይ፣ በካብና በአሮጌ ዛፎች ግንድ ላይ እንደ አረንጓዴ ምንጣፍ የሚታየው ተክል ነው። ከቅርንጫፍ የሚንጠለጠለው ግራጫ የዛፍ ሽበት ከእርሱ የተለየ ነው። ሞስ እውነተኛ ሥር፣ አበባና ዘር የለውም፤ ውኃን በቅጠሉ ይስባል፤ እንደ ብናኝ በረቀቁ ስፖሮች ይራባል። ብዙው ዓይነት በበጋ የሞተ መስሎ ይደርቅና ዝናብ ሲነካው ይለመልማል። የዝናብን ውኃ ይዞ ያቆያል፤ ለጥቃቅን ነፍሳትም መጠለያ ነው። የዛፉን ምግብ የማይጋራ በመሆኑ፣ ዛፉን ለማዳን ተብሎ መፋቁ ስሕተት ነው።

ስጋቱ ከየት መጣ?

አንዳንዱ የሞስ ዓይነት ከአሮጌ ቅርፊት፣ ከጥላና ከእርጥበት ውጭ አይኖርም፤ ዛፉ ሲቈረጥ አብሮ ይጠፋል። ያልተመዘገበ ነገር ደግሞ መጥፋቱም አይታወቅም። እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 2009 የተዘጋጀው ታላቁ የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ 6,000 ያህል ተክሎችን ሲዘረዝር ሞስን አላካተተም።

በሌላ በኩል ተስፋ የሚሰጥ ነገር አለ። ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ ከባልደረቦቻቸው ጋር በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተው 168 የዛፍ፣ የቍጥቋጦና የሐረግ ዓይነቶችን መዝግበዋል። በዚያው አካባቢ ካህናትና ምእመናን ከማሳ በለቀሙት ድንጋይ ካብ ክበው ደኖቻቸውን ከከብት ጠብቀዋል። ካቡ ደኑን ሲጠብቅ፣ ጥላና እርጥበት ባገኘበት ስፍራ ደግሞ ራሱ የሞስ ቤት ይሆናል።

ነባር መንደሮች በመልሶ ማልማት ለፎቅ በለቀቁበት በልደታ ክፍለ ከተማ ግን የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ከቀሩት ጥቂት የጥላ ስፍራዎች አንዱ ነው። ምእመናን ሲበዙ አዳራሽና ማረፊያ መሥራት ግድ ይላል። ግቢውን በሙሉ በሲሚንቶ መሸፈን ግን ግድ አይደለም።

ምን እናድርግ?

1. ከማናቸውም ግንባታ በፊት በግቢው ያሉትን ነባር ጥዶች፣ ወይራዎችና ዝግባዎች እንቍጠር፤ ሞስ ያለባቸውንም እንመዝግብ።
2. ሞስ የበቀለበትን ግንድ አንፋቅ፣ ኖራ አንቀባ፤ አሮጌውን ካብም በሲሚንቶ አንለስን። በሕንጻው ጣሪያና ግድግዳ ላይ እርጥበት አሳድሮ ጉዳት የሚያደርሰውን ግን ማንሣት ተገቢ ነው።
3. ለሰው የማያሰጋ አሮጌ ዛፍ ይቁም፤ ከወደቀውም ግንድ ከፊሉ በስፍራው ይበስብስ።
4. ዓይነቱን ለማወቅ ነቅለን ከማጥፋት ይልቅ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ወይም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የዕፅዋት ባለሙያዎች እንጋብዝ።

ለውይይት

- በአጥቢያችን ካሉት ዛፎች ዕድሜ የጠገበው የትኛው ነው? በግንዱ ላይስ ምን ይበቅላል?
- በቀጣዩ የልማት ዕቅዳችን የትኛው የግቢው ክፍል ሳይነካ ይቆያል?
- ይህን ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆቻችን ማን ያስተምራል?

የዝግባው ፈጣሪ የቅጥሩንም ተክል ፈጥሯል። ዝግባውን ለመጠበቅ አባቶቻችን አላነሱም፤ እኛም ታናሹን ከመናቅ እንጠበቅ።