ስኮሩን ብቻ ሳይሆን ሪፖርቱን አንብቡ

በየሴሚስተሩ መጀመሪያ አዲስ የሚመጡ ልጆች «የትኛው ክሬዲት ካርድ ይሻላል?»፣ «ስኮሬን እንዴት ላሳድግ?» ብለው ይጠይቁኛል። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ግን ስኮር የሚባለው ቁጥር የሚሰላው ክሬዲት ሪፖርት ከሚባለው መዝገብ ነው። መዝገቡ ከተሳሳተ ቁጥሩም ይሳሳታል። ስልካችን ላይ ስኮራችንን የምናይ ብዙዎች ነን፤ መዝገቡን ከላይ እስከ ታች ያነበበ ግን እምብዛም አላጋጠመኝም። እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ከሌላው ይበልጥ የምናነብበት ምክንያት አለን።

አሜሪካ ውስጥ ይህን መዝገብ በዋናነት የሚይዙት ሦስት የግል ኩባንያዎች ናቸው፤ ኢኩፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን። መንግሥት አይደለም። ባንኮች፣ የክሬዲት ካርድ ድርጅቶች፣ የመኪናና የትምህርት ብድር ሰጪዎች፣ ዕዳ ሰብሳቢዎች መረጃ ይልኩላቸዋል። ሁሉም አበዳሪ ለሦስቱም ስለማይልክ የአንድ ሰው ሦስት መዝገቦች ሊለያዩ ይችላሉ። ጭራሽ የማይላክም አለ። እናታችሁ አሥር ዓመት ሙሉ አንድ ዙር ሳያጓድሉ እቁብ ቢጥሉ እዚህ መዝገብ ላይ አንዲት መስመር አያገኙበትም። ያልተከፈለ የስልክ ሒሳብ ግን ወደ ዕዳ ሰብሳቢ ከተላለፈ እስከ 7 ዓመት ሊቀመጥ ይችላል።

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ ልምጣ፤ ስማችን። ኩባንያዎቹ የሚደርሳቸውን መረጃ ከሰው ጋር የሚያገናኙት በስም፣ በትውልድ ቀን፣ በአድራሻና በሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ነው። እዚህ አገር ላስት ኔም ማለት የቤተሰብ መጠሪያ ነው፤ እኛ ግን የምንሰጣቸው የአባታችንን ስም ነው። አንዱ መሥሪያ ቤት የአባትን ስም ላስት ኔም ያደርገዋል፤ ሌላው የአያትን። ኃይለማርያም፣ ገብረመድኅን፣ ወልደጊዮርጊስ የመሳሰሉት ስሞች አንድ ቦታ ተቀጥለው፣ ሌላ ቦታ ለሁለት ተከፍለው ይጻፋሉ፤ «ገብረ» ብቻውን መካከለኛ ስም ሆኖ የቀረበት ሰው አውቃለሁ። ጸጋዬን በላቲን ፊደል አንዱ በ«ቲ» ይጀምረዋል፣ ሌላው በ«ኤስ»። በዚህ ላይ የትውልድ ቀን አለ። ከእኛ አቆጣጠር ወደ ፈረንጁ ሲገለበጥ የሚዛባው ብዙ ነው፤ ቀኑ በትክክል ስላልታወቀም በወረቀት ጃንዋሪ 1 ተወለደ የተባለ ሰው በየቤቱ አይጠፋም።

ከዚህ ሁለት ዓይነት ጣጣ ይመጣል። አንደኛው የእናንተ መዝገብ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ታሪካችሁ የማይታይ መሆኑ ነው። ሁለተኛውና የከፋው የሌላ ሰው ዕዳ እናንተ መዝገብ ውስጥ መግባቱ ነው። በአንድ አድራሻ የሚኖሩ፣ የአባታቸው ስም ያው አንድ የሆነ ወንድማማቾችና እኅትማማቾች፣ ይልቁንም መንታዮች፣ ለዚህ የተጋለጡ ናቸው።

ይህ በራሴ ላይ ደርሷል። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ከግቢ ውጭ አፓርታማ ልንከራይ ስናመለክት ማመልከቻችን ውድቅ ሆነ፤ ምክንያቱም የእኔ መዝገብ ነበር። አከራይ በክሬዲት ሪፖርት ምክንያት ሲከለክል በየትኛው ኩባንያ ሪፖርት ላይ እንደተመሠረተ ማሳወቅ አለበት፤ ተከልካዩም በ60 ቀን ውስጥ ከጠየቀ ያንን ሪፖርት በነጻ ያገኛል። አስመጥቼ ሳየው ረግጬው በማላውቀው ስቴት የሚገኝ አድራሻ ተጽፎበታል፤ ዝቅ ብሎ ደግሞ የአንድ የቤት ዕቃ መደብር ያልተከፈለ ዕዳ። ሰውየው የእኔን ስምና የአባቴን ስም ይጋራል፤ የአያታችን ስም ግን ለየቅል ነው። ቤቱ ለሌሎች ተሰጠ፤ ጓደኞቼም ያለ ጥፋታቸው አብረውኝ ቤት ፍለጋ ዞሩ።

እንዲህ ያለ ነገር ስታገኙ «ትንሽ ብር ናት፣ ከፍዬ ልገላገል» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ዘመድም እንዲሁ ይመክራል። አትክፈሉ። የሌላ ሰው ዕዳ ከከፈላችሁ የእኔ ነው ብላችሁ ያመናችሁ ያስመስላል። የምታደርጉት ስሕተቱን ለያዘው ኩባንያ ሁሉ በጽሑፍ ማመልከት ነው፤ ዕዳውን ላስመዘገበውም ድርጅት እንዲሁ። ኢንተርኔት ላይ ያለው ፎርም ከተዘጋጁ ምክንያቶች አንዱን እንድትመርጡ ነው የሚጠይቀው፤ የእኛን ዓይነት የስም መደባለቅ በዚያ ማስረዳት ስለሚያስቸግር እኔ ደብዳቤ እመርጣለሁ። ሁለት ሰዎች አንድ መዝገብ ውስጥ መደባለቃቸውን በግልጽ ጻፉ። የመታወቂያችሁንና አድራሻችሁን የሚያሳይ ሒሳብ ቅጂ (ዋናውን አትላኩ)፣ የተሳሳተው መስመር የተከበበበትን ገጽ ጨምራችሁ ተቀባዩ በሚፈርምበት ፖስታ ላኩ። ኩባንያው አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ አጣርቶ መልስ መስጠት አለበት። ለእኔ አንደኛው በወሩ ሰረዘልኝ፤ ሌላው «ዕዳው የአንተ መሆኑ ተረጋግጧል» አለኝ። የመጀመሪያውን መልስ አያይዤ እንደገና ጻፍኩ፤ ለፌዴራሉ የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮም አመለከትኩ። ከዚያ በኋላ ተሰረዘ።

ሪፖርቱን ለማየት ገንዘብ አያስፈልግም። በሕግ የተፈቀደው ነጻ ድረ ገጽ «አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም» ነው፤ ስልኩ 1-877-322-8228። ስማቸው ተመሳሳይ የሆኑ አስከፋይ ገጾች ስላሉ አድራሻውን ራሳችሁ ጻፉት። ቀድሞ በዓመት አንዴ ብቻ ነበር፤ አሁን ከሦስቱም በየሳምንቱ በነጻ ማየት ይቻላል። የራሳችሁን ሪፖርት ማየት ስኮር አይቀንስም። በየሳምንቱ ማየት ግን የተማሪ ጊዜ ማባከን ይመስለኛል፤ በአራት ወር አንዴ፣ ቤት ከመከራየትና መኪና ከመግዛት በፊት ደግሞ አንድ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ይበቃል። ገጹ ስለ አሮጌ አድራሻና ብድር ጠይቆ «አልተመሳሰለም» ካላችሁ መዝገባችሁ ከሌላ ሰው ጋር ተደባልቆ ሊሆን ስለሚችል በፖስታ ጠይቁ።

ስታነቡ ከስምና ከአድራሻ ገጹ ጀምሩ። ብዙ ሰው እሱን ዘሎ ወደ ዕዳው ይሄዳል፤ መደባለቁ ግን ቀድሞ የሚታየው እዚያ ነው። ከዚያ እያንዳንዱን አካውንት እዩ፤ ለዘመድ ወይም ለጓደኛ መኪና ኮሳይን ካደረጋችሁ ያም ዕዳ በእናንተ ስም ሊመዘገብ ይችላል፤ እሱ ሲያዘገይ የሚጎዳው የእናንተም መዝገብ ነው። በይሉኝታ የፈረማችሁ እዚያ ላይ ከፍሎ እንደሆነ ታያላችሁ።

በ2017 ከኢኩፋክስ የ147 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መረጃ ተሰርቋል። ስለዚህ በቅርቡ ብድር የማትፈልጉ ከሆነ መዝገባችሁን ማስቆለፍ ትችላላችሁ፤ ፍሪዝ ይሉታል። ከ2018 ጀምሮ ነጻ ነው፤ ለሦስቱም ለየብቻ ይጠየቃል፤ በኢንተርኔት ወይም በስልክ ስትጠይቁ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊከፍቱላችሁ ይገባል። እንግሊዝኛ ለማይቀናቸው ወላጆቻችሁም አብራችኋቸው ተቀምጣችሁ አስቆልፉላቸው፤ የሦስቱንም መግቢያ ቃል የሚያውቁበት ደብተር ላይ በአማርኛ ጻፉላቸው።