የተማሪ ወጪ በየትኛው መደብ ይቆጠራል?

የጀመዓችን የመረዳጃ ኮሚቴ ለተቸገሩ ተማሪዎች የሚሰጠው ወርኃዊ ድጋፍ ምን ያህል ይጨመር በሚለው ላይ ሳይስማማ ተነሥቷል። አንዱ ወገን «የዋጋ ንረቱ ቀንሷል ተብሏል፣ ባለበት ይቆይ» አለ። ሌላው ከኮተቤ መገናኛ የሚከፍለውን የታክሲ ሒሳብ ቆጠረ። ሁለቱም ትክክል ነበሩ፤ የሚያወሩት ግን ስለ አንድ ነገር አልነበረም።

«ቀነሰ» ከሚለው ቃል እንጀምር። 100 ብር የነበረ ዕቃ በመጀመሪያው ዓመት 30 በመቶ ቢጨምር 130 ይሆናል። በሁለተኛው ዓመት ንረቱ ወደ 15 በመቶ ቢወርድ ዕቃው 149 ብር ከ50 ይሸጣል። የቀነሰው የጭማሪው ፍጥነት ነው፤ ዋጋው ግን አሁንም ወደ ላይ ነው።

የሸማቾችን የዋጋ መለኪያ በየወሩ የሚያወጣው የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ የቀድሞው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ነው። ሠራተኞቹ ዋጋ ይመዘግባሉ፤ ከዚያም ቤተሰብ ለእያንዳንዱ ነገር በሚያወጣው ድርሻ ልክ ክብደት ይሰጡታል። ከግማሽ በላይ የሆነውን ክብደት የሚይዘው ምግብ ነው። የትምህርት ድርሻ ግን ትንሽ ነው፤ ብዙው ሕዝብ ልጁን የሚያስተምረው በመንግሥት ትምህርት ቤት ነውና። ስለዚህ የግል ትምህርት ቤት ክፍያ በእጥፍ ቢጨምር እንኳ አጠቃላዩ ቁጥር እምብዛም አይነቃነቅም። ክፍያው የሚለወጠው ደግሞ በዓመት አንዴ፣ ትምህርት ሲከፈት ነው። ጥር ከታኅሣሥ ጋር ቢነጻጸር ለውጥ አይታይም፤ ጥር መነጻጸር ያለበት ካለፈው ጥር ጋር ነው።

ለእኛ ግን ዋናው ጉዳይ አመዳደቡ ነው። ወጪዎች የሚከፈሉት በ12 መደብ ሲሆን «ትምህርት» የሚለው የሚይዘው የማስተማር አገልግሎት ክፍያን ብቻ ነው። ደብተርና መጽሐፍ በመዝናኛና ባህል፣ ዩኒፎርም በልብስ፣ ታክሲ በትራንስፖርት፣ ከግቢ ውጭ የበላነው ምሳ በምግብ ቤትና ሆቴል ይቆጠራል። የሕፃናት መዋያና የአረጋውያን እንክብካቤ «ልዩ ልዩ» ውስጥ ናቸው። እንግዲህ «የትምህርት ዋጋ አልጨመረም» የሚል ዜና ስትሰሙ፣ የእናንተ ወጪ አብዛኛው እዚያ ውስጥ አለመኖሩን አስታውሱ።

ጤናም የራሱ ጣጣ አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚገባ መድኃኒት የሚገዛው በዚሁ ዶላር ነው። መለኪያው የማያየው ነገርም አለ፦ ጤና ጣቢያው መድኃኒቱ አልቆበት ታካሚዋ ወደ ግል ፋርማሲ ብትላክ፣ የሁለቱም ዋጋ ሳይነካ የእርሷ ወጪ ይጨምራል።

አሁን እናስላ። አንድ ተማሪ አምና በወር ለታክሲ 500፣ ለኮፒ 200፣ ለምግብ 800፣ ለመድኃኒት 100፣ በድምሩ 1,600 ብር አወጣ እንበል። ያንኑ ለመግዛት ዘንድሮ 650፣ 300፣ 1,000 እና 170፣ በድምሩ 2,120 ያስፈልገዋል። ጭማሪው 32.5 በመቶ ነው። አራቱን መቶኛዎች (30፣ 50፣ 25፣ 70) ደምሮ ለአራት ማካፈል ግን 43.75 ይሰጣል፤ ይህ ስሕተት ነው፣ ክብደትን ይረሳልና። ከኮሚቴው አንዱ ያሰላው እንዲህ ነበር (ስሙን አንጠራም፣ የሒሳብ ተማሪ ነው)።

አሁን ደግሞ አስም ያለባትን እህት አስቡ። ሌላው ወጪዋ ያው ሆኖ አምና ለመድኃኒት 600 ብር ታወጣ ነበር እንበል። ድምሯ ከ2,100 ወደ 2,970 ይወጣል፤ 41.4 በመቶ መሆኑ ነው። ገበያው አንድ ነው፣ ንረቱ ግን ለሁለቱ አንድ አይደለም። ለሁሉም እኩል 32.5 በመቶ ብንጨምር የምትጎዳው እርሷ ናት።

የገበያ ዋጋን መከታተል ለሙስሊሙ ዓለም አዲስ አይደለም። ስለ ሐበሻ ሙስሊም ነገሥታት የጻፈልን አል-መቅሪዚ የካይሮ ሙሕተሲብ፣ ማለትም የገበያ ተቆጣጣሪ ነበር፤ በዘመኑ ለነበረው የዋጋ ንረት የመዳብ ሳንቲም መብዛትን ከምክንያቶቹ አንዱ አድርጎ ጽፏል።

ኮሚቴው ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ የአሥር ነገሮችን ዋጋ ከአንድ ቦታ፣ በወሩ በተመሳሳይ ቀን ይመዘግባል። ቋሚ መድኃኒት የምትወስዱ ወርኃዊ ወጪያችሁን በምስጢር ለጸሐፊው ንገሩ፤ የእናንተ ድጋፍ ለብቻው ይሰላል።