ልጄ «ለምደነዋል» አለችኝ

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። የ13 ዓመት ልጄ ትምህርት ቤት የተኩስ መከላከያ ልምምድ አድርጋ ስትመለስ «ምንም አይደል እማዬ፣ ለምደነዋል» አለችኝ። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። በትምህርት ቤቶች የሚፈጸም የተኩስ ጥቃት ለምን ይደጋገማል? እውነት ይለመዳል?
እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ስጋትዎ ተገቢ ነው። መንስኤው አንድ ብቻ አይደለም፤ የአእምሮ ሕመምም ብቻውን አያብራራውም። የአሜሪካው ሴክሬት ሰርቪስ ባደረጋቸው ጥናቶች፣ አብዛኞቹ አጥቂ ተማሪዎች በእኩዮቻቸው የተንገላቱና ቂም የያዙ ነበሩ፤ ብዙዎቹ ስለ ሐሳባቸው አስቀድመው ለሰው ፍንጭ ሰጥተዋል፤ መሣሪያውንም በአብዛኛው ያገኙት ከቤታቸው ወይም ከቅርብ ዘመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በኮለምባይን ትምህርት ቤት ከተፈጸመው ጥቃት ወዲህ ደግሞ ቀዳሚዎቹን አጥቂዎች ለመኮረጅ የሞከሩ አሉ።

መልመድን በተመለከተ፣ አስፈሪ ዜና ሲደጋገም አእምሮ ራሱን ለመጠበቅ ስሜቱን ሊያደነዝዝ ይችላል። ስለዚህ የልጅዎ አባባል የግድ ግዴለሽነት አይደለም፤ ፍርሃትን መሸፈኛም ሊሆን ይችላል። ጥቃቱ ለደረሰባቸው ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2012 በሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት 20 ሕፃናትና 6 አዋቂዎች፣ በ2022 ደግሞ በዩቫልዴ ከተማ ትምህርት ቤት 19 ተማሪዎችና 2 መምህራን ተገድለዋል። ከሩቅ ለሚሰማ የቦታዎቹ ስሞች ይደበላለቁ ይሆናል፤ ለሟቾቹ ቤተሰቦች ግን ሐዘኑ የሚለመድ አይደለም።

በልምምዱ ወቅት ምን እንደተሰማት በእርጋታ ይጠይቋትና ያድምጧት። ዛቻ ከሰማች ለአዋቂ መንገር ማሳበቅ እንዳልሆነ ያስረዷት። ሰው ቤት ስትሄድም መሣሪያ ካለ ተቆልፎ መቀመጡን ቢጠይቁ ነውር የለውም።

የእርስዎ የእንቅልፍ እጦት ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ወይም ልጅዎ ትምህርት ቤት መፍራት ጀምራ ፍርሃቷ ይህን ያህል ከቆየ፣ የትምህርት ቤቱን አማካሪ ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ያነጋግሩ፤ አስተርጓሚ እንዲመደብልዎም መጠየቅ ይችላሉ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከተነሳ ግን ሳይዘገዩ ወደ 988 የቀውስ ጊዜ የእርዳታ መስመር ይደውሉ።