የሬዲዮ ረብሻን ምንጭ ፈልጎ ስለ ማግኘት፦ የባቱ ምልልስ

የባቱ ከተማ የተቀመጠችበት የዝዋይ ሐይቅ ዳርቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,640 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ሜዳ ሲሆን፣ በምሥራቅ የጭላሎ ተራራ፣ በደቡብ የአሉቶ እሳተ ገሞራ፣ በምዕራብ የጉራጌ ደጋ ያዋስኑታል። የሞባይል ኔትወርክ በሚሳሳበት ጥግ ለሚሠራ ሰው በእጅ የሚያዘው የመገናኛ ሬዲዮ ከጓዶቹ ጋር የሚያገናኘው ብቸኛ መንገድ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ረብሻ ሲገባበት ምንጩን ፈልጎ ማግኘት ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የሚከተለው ምልልስ በሬዲዮ ጥገና ዕድሜውን በገፋ አዛውንትና ሙያውን በምትማር ወጣት መካከል ይካሄዳል።

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ መልእክት አልሰማ ሲል ጥፋቱ የረብሻ መሆኑ በምን ይታወቃል?

አዛውንቱ፦ ልጄ፣ አስቀድሞ ረብሻንና የሞገድ መድከምን መለየት ያሻል፤ ረብሻ ማለት ከሌላ ምንጭ የወጣ ያልተፈለገ ሞገድ ተቀባዩ ውስጥ ገብቶ ተፈላጊውን ሲሸፍን ነው፤ መድከም ግን ተፈላጊው ሞገድ ራሱ ሳይደርስ ሲቀር ነው። ቪኤችኤፍ የሚባሉት የእጅ ሬዲዮዎች የሚሠሩበት ከ136 እስከ 174 ሜጋኸርዝ ያለው ሞገድ አብዛኛውን ጊዜ በቀጥታ መስመር ስለሚጓዝ፣ አንዱ ሰው በሐይቁ ዳር ሌላው በጀልባ ላይ ሆነው ሬዲዮውን በ1.5 ሜትር ከፍታ ቢይዙ፣ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲራራቁ የምድር ክብነት ይጋርዳቸዋል፤ ከዚያ አልፎ ድምፁ ቢቆራረጥ ተወቃሹ ርቀቱ ነው። ቀጥሎ ስኩዌልቹን፣ ማለትም ሞገድ በሌለበት ጊዜ ድምፅ ማጉያውን የሚዘጋውን በር፣ ከፍቶ ማድመጥ ይገባል፤ ወጥ የሆነው ሹሹታ የተቀባዩ የራሱ ነው፤ በላዩ ላይ ጉርምርምታ ወይም ፉጨት ካለና አንቴናው ሲነቀል ከጠፋ ምንጩ ከውጭ ነው፤ ካልጠፋ ግን ባትሪው፣ ቻርጀሩ ወይም ሬዲዮው ራሱ መመርመር አለበት። አንቴናው በተነቀለበት ጊዜ መናገሪያውን መጫን ግን ሬዲዮውን ሊያቃጥለው ስለሚችል ክልክል ነው።

ወጣቷ፦ ቻናሉ ላይ ቶን ቢሞላበት ጩኸቱ ስለሚጠፋ ፍለጋው ለምን ያስፈልጋል?

አዛውንቱ፦ ቶን የሚባለው ከ67.0 እስከ 254.1 ኸርዝ ባለው ክልል የሚመረጥ፣ ከንግግሩ ሥር አብሮ የሚላክ ዝቅተኛ ድምፅ ነው፤ ተቀባዩም ይህን ቶን ካልሰማ ድምፅ ማጉያውን አይከፍትም። እንዲህ ያለው ዘዴ ጆሮን ያሳርፋል እንጂ ረብሻውን ከአየር ላይ አያነሣውም፤ ከሩቅ የሚመጣ ደካማ ጥሪም በረብሻው ተውጦ ሲቀር ተጠሪው ዝምታውን ደኅንነት አድርጎ ስለሚወስደው፣ ከሚሰማ ረብሻ ይልቅ የተደበቀ ረብሻ የከፋ ነው።

ወጣቷ፦ ምንጩ ገና ሳይታይ ምንነቱ እንዴት ይገመታል?

አዛውንቱ፦ በሰዓቱና በድምፁ፤ ስለዚህ የመጀመሪያው መሣሪያ ደብተር ነው። ጧት 1 ሰዓት ላይ ጀምሮ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚያቆም ጩኸት የሶላር ቻርጅ ኮንትሮለርን ያስጠረጥራል፣ ይህ ዕቃ ኃይልን የሚያስተካክለው በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እያበራና እያጠፋ ስለሆነና ረጅሙ የፓነል ገመድም እንደ አንቴና ስለሚያገለግለው፤ ማታ 1 ሰዓት ላይ የሚጀምረው ደግሞ የኤልኢዲ አምፖል ወይም የርካሽ ቻርጀር ሥራ ሊሆን ይችላል። ሞተር ሲፋጠን አብሮ የሚፈጥን ጠቅጠቅታ የካንዴላ ብልጭታ ሲሆን፣ እየቀጠነ የሚሄድ ፉጨት ግን የመኪና ዲናሞ ነው። የአገሪቱ መብራት በሰከንድ 50 ዑደት ስላለው፣ ከኤሌክትሪክ መስመር የሚመጣ ብልጭታ በሰከንድ 100 ጊዜ እየደጋገመ ሻካራ ጉርምርምታ ያሰማል፤ መነሻውም አብዛኛውን ጊዜ የላላ ብሎን ወይም የተሰነጠቀ ሲኒ፣ ማለትም ሽቦውን ከምሰሶው የሚለየው ሸክላ፣ ነው። በበጋው ነፋስ የሚብሰው፣ ዝናብ ክፍተቱን ሲያርሰው የሚቀንሰው ይኸው ነው።

ወጣቷ፦ የሚሰማው የሰው ንግግር ቢሆንስ?

አዛውንቱ፦ ሦስት ነገር ይመረመራል። አንደኛው፣ ሌላ ተጠቃሚ በዚያው ድግግሞሽ፣ በተለምዶ ፍሪኩዌንሲ በሚባለው፣ ላይ መሥራቱ ነው። ሁለተኛው፣ ሌሊት የሸለቆው አየር ከታች ቀዝቅዞ ከላይ ሲሞቅ ሞገዱ ከወትሮው አልፎ መጓዙ ነው፤ ይህ ፀሐይ ስትበረታ ራሱ ይጠፋል። ሦስተኛው የሁለት ሞገዶች መዳቀል ነው፤ በአንድ ኮረብታ ላይ፣ ጥሪን ተቀብለው እንደገና የሚያሠራጩ ሁለት ሪፒተሮች ቢቆሙና አንዱ በ155.000፣ ሌላው በ154.500 ሜጋኸርዝ ቢያሠራጩ፣ የመጀመሪያው እጥፍ ከሁለተኛው ሲቀነስ 155.500 ስለሚሆን ማንም ያልላከው ንግግር በዚያ ላይ ይሰማል። ይህ የሚሰማው ሁለቱ አብረው ሲናገሩ ብቻ በመሆኑ አንዱ እንዲያቆም በማድረግ ይታወቃል፤ የዛገ የብረት መጋጠሚያም ይህንኑ ድቅል ሊፈጥር ይችላል።

ወጣቷ፦ አቅጣጫውስ ያለ ውድ መሣሪያ ሊገኝ ይችላል?

አዛውንቱ፦ ይችላል፤ የሰው አካል ሞገድን ስለሚጋርድ ሬዲዮውን ደረት ላይ አስጠግቶ ቀስ ብሎ መዞርና ድምፁ ከሁሉ የደከመበትን ቦታ መያዝ ነው፤ ያን ጊዜ ምንጩ ከጀርባ በኩል ነው። ይህንኑ ከሁለትና ከሦስት ተራራቅ ያሉ ቦታዎች ደግሞ መስመሮቹን በካርታ ላይ ሲያሰምሩ የሚገናኙበት አካባቢ ይገኛል፤ ነገር ግን የ10 ዲግሪ ስሕተት በ10 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ 1.8 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሚያስት፣ ከአሉቶ ገደል ነጥሮ የሚመለስ ሞገድም ምንጩን ተራራው ላይ እንደሚያስመስል ልብ በዪ። ስለዚህ አንድ መስመር ከሌሎቹ ከራቀ፣ ከፍ ካለና ከግድግዳ፣ ከሽቦና ከመኪና ከራቀ ቦታ እንደገና መለካት ይገባል።

ወጣቷ፦ ወደ ምንጩ ሲቀረብ ግን በየአቅጣጫው እኩል መጮኹ ለምንድን ነው?

አዛውንቱ፦ ተቀባዩ ስለሚጠግብ ነው፤ በዚህ ጊዜ የፈላጊው ጥበብ ሬዲዮውን ማደንቆር ነው። አንቴናውን መንቀል፣ ከተፈላጊው ድግግሞሽ 5 ወይም 10 ኪሎኸርዝ ፈቀቅ ማለት፣ ወይም በእጥፍ ብዜቱ ላይ ማድመጥ ይቻላል፤ በ155 ሜጋኸርዝ የሚያሠራጭ ሬዲዮ ደካማ የሆነ ሦስተኛ ብዜቱን በ465 ላይ ስለሚያወጣ፣ ያ የሚሰማው ከቅርብ ብቻ ነው። የኤሌክትሪክ መስመር ጉርምርምታም እንዲሁ በመካከለኛ ሞገድ ሬዲዮ ሽቦውን ተከትሎ ኪሎ ሜትሮችን ስለሚጓዝ ሠፈሩን ብቻ ያመለክታል፤ በቪኤችኤፍ ወደ ጥቂት ምሰሶዎች ይጠባል፤ ከእርሱ ከፍ ባለው በዩኤችኤፍ ደግሞ አንዱ ምሰሶ ይለያል።

ወጣቷ፦ ምሰሶው ወይም ዕቃው ከታወቀ በኋላ ምን ይደረጋል?

አዛውንቱ፦ ዕቃው የግል ከሆነ በባለቤቱ ፈቃድ አንድ በአንድ እያጠፉ ማረጋገጥ፣ ከዚያም ገመዱን ማሳጠር፣ በፌራይት ቀለበት ውስጥ ማሳለፍ ወይም የሬዲዮውን አንቴና ማራቅ ነው። ምሰሶን ግን መነቅነቅም ሆነ በመዶሻ መምታት ሕይወት ያስከፍላል፤ የምሰሶውን ቦታ፣ ረብሻው የሚሰማበትን ሰዓትና የአየሩን ሁኔታ ጽፎ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ማቅረብ በቂ ነው። ያልታወቀ አሠራጭ ከሆነ ተከራክሮ ማባረር የተጠቃሚው ሥራ አይደለም፤ በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የሬዲዮ ሞገድን የሚያስተዳድር በመሆኑ አቤቱታው የሚቀርበው ለእርሱ ነው። አቤት ባዩም በራሱ ፈቃድ፣ በተመደበለት ድግግሞሽ ላይ የሚሠራ መሆኑን አስቀድሞ ያረጋግጥ፤ ሰዓትና አቅጣጫ የተመዘገበበት ደብተር ከሌለውም አቤቱታው ከስሞታ አያልፍም።