ውሎ መግባት ወይስ ዱር ማደር?

በሰሜን አሜሪካ ሮኪ የሚባል ረጅም የተራራ ሰንሰለት አለ። በዚህ ተራራ ላይ ኤልክ የተባለ ትልቅ የአጋዘን ዘር ይኖራል። ኤልክ ከሁሉም ይልቅ የሚበዛው ኮሎራዶ በምትባለው የአሜሪካ ክፍለ ግዛት ነው። ወንዱ 3 ኩንታል ያህል ይመዝናል። ይህም ማለት ከአንድ የእርሻ በሬ አያንስም። ይበላል ወይ ለሚል ሰው፣ ሰኮናው ስንጥቅ ነው፤ ያመሰኳልም። የአገሩ ሰው ከመንግሥት ፈቃድ አውጥቶ በመስከረም፣ በጥቅምትና በኅዳር ያድነዋል።

አዳኙ ከቤቱ ሳይወጣ የሚወስነው አንድ ነገር አለ። ማለዳ ወጥቶ ማታ ይመለሳል? ወይስ ድንኳንና ስንቅ ተሸክሞ ተራራው ላይ ያድራል? ነገሩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ይህን ሳያስብ ወጥቶ ሥጋ ያበላሸ ብዙ ነው። በብርድ የሞተም አለ።

አስቀድመን የእንስሳውን ጠባይ እንይ። ኤልክ ወደ ጨፌ ወጥቶ ሣር የሚግጠው ጎሕ ሲቀድና ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ቀን ቀን ጥቅጥቅ ካለ ደን ውስጥ ተኝቶ ያመሰኳል። ስለዚህ ለአዳኝ ዋናዎቹ ሰዓቶች ማለዳና ማታ ናቸው። ከመኪና መንገድ የሁለት ሰዓት ጉዞ ርቆ የሚያድን ውሎ ገብ ከሌሊቱ 9 ሰዓት መነሣት አለበት። ማታም በጨለማ ዳገትና ቁልቁለት ይጠብቀዋል። እንዲህ ሦስት ቀን ከተመላለሰ ጉልበቱ ይዝላል። እዚያው ያደረ ሰው ግን ሲነጋ ከጨፌው አጠገብ ነው።

ታዲያ ማደር ይሻላል ማለት ነው? ቆዩ፣ ገና ነው።

ውሎ ገብ የሚይዘው ውሃ፣ ምግብ፣ ቢላዋ፣ ባትሪና ክብሪት ነው፤ ቢበዛ 10 ኪሎ ይሆናል። የሚያድር ሰው ድንኳን፣ የመኝታ ልብስ፣ ምድጃና የሦስት ቀን ስንቅ ሲጨምር ሸክሙ 20 ኪሎ ይደርሳል። በዚያ ላይ ውሎ ገብ ዛሬ ዱካ ካጣ ነገ ወደ ሌላ ተራራ ይሄዳል። ድንኳን የተከለ ሰው እንደዚያ እንደ ልቡ አይሆንም። የነፋሱም ነገር አለ። በተራራ አገር ፀሐይ ስትሞቅ አየሩ ወደ ላይ ይወጣል። ሌሊት ደግሞ ቀዝቅዞ ወደ ታች ይወርዳል። ድንኳኑን ከመንጋው በላይ የተከለ ሰው እንግዲህ ሌሊቱን ሙሉ ጠረኑን ሲልክላቸው ያድራል። ሲነጋ የሚያገኘው ባዶ ጨፌ ነው።

ትልቁ ጉዳይ ግን ግዳይ ከወደቀ በኋላ ይመጣል። ቅርጫ የገባ ሰው ይህን ያውቃል። ታፋው፣ ወርቹ፣ ሽንጡና ጎድኑ ተለያይቶ፣ አጥንቱም ወጥቶ፣ ከትልቅ ወንድ ኤልክ 90 ኪሎ ያህል ሥጋ ይገኛል። አንድ ሰው በዳገት አገር በአንድ ጊዜ 25 ኪሎ ቢሸከም 4 ጭነት ነው። እስቲ እናስላ። ከመንገድ ያለው ርቀት 5 ኪሎ ሜትር ይሁን። አዳኙ 4 ጊዜ ተሸክሞ ይወጣል፤ 3 ጊዜ ባዶውን ይመለሳል። 7 ጊዜ 5፣ 35 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ያደረ ሰው ከሆነ ድንኳኑና ጓዙ አምስተኛ ጭነት ነው። 9 ጊዜ 5፣ 45 ኪሎ ሜትር! ይህ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም።

ሥጋው ደግሞ አይጠብቅም። በመስከረም ቀትር ላይ ይሞቃል። ቶሎ ካልተገፈፈና ካልተበለተ ከታፋው አጥንት አጠገብ ጀምሮ ይሸታል። ስለዚህ በንጹሕ ጨርቅ ይጠቀለልና ጥላ ውስጥ ነፋስ እንዲያገኘው ይሰቀላል። ድብ ስላለም የሚሰቀለው ከድንኳኑ ርቆ ከፍ ያለ ዛፍ ላይ ነው። በኮሎራዶ የሚበላ ሥጋ ጥሎ መሄድ በሕግ ያስቀጣል። ይህን ሕግ ያወጡ ሰዎች ደግ አድርገዋል።

ብርዱንም አንርሳ። ከ3,000 ሜትር በላይ በጥቅምት ጠዋት ፀሐይ ሆኖ ማታ በረዶ ሊጥል ይችላል። የራሰ የጥጥ ልብስ ሙቀት አይይዝም፤ ሱፍ ይሻላል። ብርድ የጎዳው ሰው መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል። ቀጥሎ ምላሱ ይተሳሰራል፤ ሐሳቡም ይዛባል። ወዲያው ከነፋስ መከለል፣ እርጥቡን አውልቆ ደረቅ መልበስና መሞቅ አለበት። በዚህ ምክንያት ውሎ ገብም ቢሆን እሳት መለኮሻና ደረቅ ልብስ ሳይዝ አይወጣም። የሚሄድበትን ቦታና የሚመለስበትን ሰዓትም ለቤተሰቡ ይናገራል።

እኔ ብጠየቅ፣ ብቻውን ለሚያድን ሰው ከመንገድ 3 ኪሎ ሜትር ሳይርቅ ውሎ መግባት ይሻላል እላለሁ። ሁለት ሦስት ሆነው የሚሄዱ፣ ወይም በቅሎ ያላቸው፣ ርቀው ቢያድሩ ያዋጣቸዋል። ከሁለቱ መካከል ያለም መንገድ አለ። መኪናው ከቆመበት አጠገብ ድንኳን ተክሎ፣ ከዚያ በእግር እየወጡ መመለስ ነው። ብዙዎቹ የሚያደርጉት ይህንን ነው።

ጥያቄ፦ ግዳዩ የወደቀው ከመንገድ 2 ኪሎ ሜትር ላይ ቢሆን፣ ብቻውን ያለው ውሎ ገብ 4ቱን ጭነት ለማውጣት ስንት ኪሎ ሜትር ይጓዛል? ከዚህ ውስጥ ተሸክሞ የሚሄደውስ ስንቱን ነው?