ምክንያትን መርምሮ መጻፍ

አንድ ነገር ከሌላው ቀጥሎ ስለ ተፈጸመ ብቻ የፊተኛው ለኋለኛው ምክንያት ነው ማለት አይደለም። ምክንያትንና ውጤትን የሚያስረዳ ድርሰት ስትጽፉ ይህን ማስተዋል ይኖርባችኋል። የሚከተለውን አንቀጽ በጥሞና አንብቡ።

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚጓዝ አንድ ሚኒባስ መርሳ ላይ ሞተሩ ሳይጠፋ ተሳፋሪ ይጠብቃል እንበል። ጊዜው ቀትር ነው። ሾፌሮች «ሚኒሞ» በሚሉት ዝግተኛ ዙር ጥቂት እንደ ቆየ የሙቀት አመልካቹ ወደ ቀዩ መስመር ይወጣል፤ ጉዞ ከጀመረ በኋላ ግን ሲሪንቃ ሳይደርስ ይወርዳል። ረዳቱ «ፀሐዩ ነው» ይላል። ፀሐዩ ቢሆን ኖሮ መኪናው ሲሄድም በሞቀ ነበር፤ በመርሳና በሲሪንቃ መካከል ፀሐዩ አልጠለቀምና። ታዲያ መኪናው ሲቆምና ሲሄድ የተለወጠው ምንድን ነው? ነፋሱ ነው። በጉዞ ላይ ነፋሱ ራዲያተሩን ያቀዘቅዘዋል፤ መኪናው ሲቆም ግን አየር የሚስብለት ማራገቢያው ብቻ ነው። ስለዚህ ማራገቢያውን የሚያዞረው ቺንጊያ ላልቶ እንደ ሆነ፣ ማራገቢያው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነም ፊውዙ ተቃጥሎ እንደ ሆነ አስቀድሞ ይታያል። የውሃው ልክም ይታያል፤ ነገር ግን ሞተሩ ሳይበርድ የራዲያተሩ ክዳን አይከፈትም፤ በግፊት የታፈነው ውሃ ገንፍሎ ፊትን ያቃጥላልና። ሙቀቱ ችላ ቢባል ቴስታታው ይጣመማል፤ ያን ጊዜ ወጪው ከቺንጊያ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

የረዳቱ አነጋገር ፈጽሞ ከንቱ አይደለም፤ የቀትር ሙቀት ችግሩን ያባብሳል። አባባሽ ግን መነሻ አይደለም። ጸሐፊው ሁለቱን የለየው «ቢሆን ኖሮ» በሚለው አገባብ ነው፤ ይህ አገባብ ያልሆነውን እንደ ሆነ አድርጎ በማሰብ የማይሆነውን ምክንያት ያስወግዳል። «አልጠለቀምና» በሚለው ግሥ መጨረሻ ላይ የገባችው «ና» ደግሞ አያያዥ ብቻ ሳትሆን ምክንያት ሰጪ ናት፤ «ምክንያቱም» የሚለውን ቃል ተክታ ዓረፍተ ነገሩን ታሳጥራለች።

መልመጃ

ሀ. ከአንቀጹ ውስጥ ምክንያት የምትሰጠውን «ና» ቃላትን ከምታያይዘው «ና» ለዩ።

ለ. እህል የጫነ አንድ አይሱዙ ቆሞ ሳለ አይሞቅም፤ ወደ ወልድያ ዳገቱን ሲወጣ ግን ይሞቃል። መነሻው ማራገቢያው ነው ወይስ በዝገት የተደፈነ ራዲያተር? «ቢሆን ኖሮ» የሚለውን አገባብ ተጠቅማችሁ በአንድ አንቀጽ አስረዱ።