የእናቶቻችን ሳል ከየት ይነሳል?



የሴሚስተሩ ፈተና ሲያልቅ ከመካከላችን አንዳንዶቻችን ወደ ጉንደ ወይን እንሳፈራለን። ግቢው በር ላይ ስንደርስ፣ ገና ሰላምታ ሳንለዋወጥ፣ ከማድ ቤት ሳል ይሰማናል። ለዓመታት «ብርድ ነው» ሲባል ሰምተን አልፈነዋል። የዚህ ዕትም ትምህርታችን ስለዚያ ሳል ነው። አብዛኞቻችን የምህንድስና ተማሪዎች እንጂ ሐኪሞች አይደለንም፤ ከጤና ተማሪ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ጋር ተቀምጠን ያጠናነውን፣ ቤታችንም ሄደን ያየነውን እናካፍላችኋለን።

ሳሉ ዓመታት ከቆየ፣ ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ የሚያሳጥር ከሆነና ጠዋት ጠዋት አክታ ካለው፣ ሥር የሰደደ የሳንባ አየር ቧንቧ መጥበብ ሊሆን ይችላል። ሐኪም ቤት በአጭሩ ሲኦፒዲ ይሉታል። ለረጅም ጊዜ የተሳበ ጭስ የአየር ቧንቧዎቹን ያቆስላል፣ ያጠባል፤ የሳንባን ጥቃቅን የአየር ከረጢቶችም ያፈርሳል። የፈረሰው ተመልሶ አይሠራም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሞተ ይገልጻል። በሀብታም አገሮች ከታማሚው ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነው በትምባሆ ምክንያት የታመመ ነው። እንደኛ ባሉ አገሮች ግን የትምባሆ ድርሻ ከ30 እስከ 40 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ የቤት ውስጥ ጭስ ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ ነው። ሲጋራ ነክታ የማታውቅ እናት የአጫሽ ሳንባ የሚኖራት ለዚህ ነው።

አንድ ነገር አስቀድመን እንበል። ሁሉም ሳል ይህ አይደለም። ከ2 ሳምንት በላይ የቆየ ሳል መጀመሪያ ለሳንባ ነቀርሳ መመርመር አለበት፤ የነቀርሳ ሕክምና በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ነው። ምርመራውን ሳያስደርጉ «የጭስ ሳል ነው» ብሎ መደምደም አደገኛ ነው።

ይህ በሽታ በየዕለቱ እኩል አይከብድም። ደህና ሰንብቶ በድንገት ይነሳል። ትንፋሹ ያጥራል፣ አክታው ይበዛል፣ ቀለሙም ወደ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ይለወጣል። ብዙ ታማሚ ከእያንዳንዱ መነሳት በኋላ ወደ ቀድሞው አቅሙ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ስለዚህ የሚቀሰቅሰውን ነገር አውቆ መራቅ ከሕክምናው አንዱ ክፍል ነው። ችግሩ ቀስቃሹ ለሁሉም አንድ አለመሆኑ ነው።

የአንዳችን እናት ዘንድ ያደረግነው ቀላል ነው። ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዝተን ሦስት ቦታ አሰመርን፦ ዛሬ ምን ተሠራ፣ ትንፋሹ እንዴት ዋለ፣ አክታው ምን መሰለ። ትንፋሽ የሚለካ መሣሪያ ስለሌለን ከቦኖው እስከ ቤት ድረስ ስንት ጊዜ ቆመው እንዳረፉ ቆጠርን። የምትጽፈው 8ኛ ክፍል የምትማረው ታናሽ እህት ነበረች፤ ከእኛ ይልቅ እሷ ታማኝ ጸሐፊ ሆነች። እናትየው መጀመሪያ ሳቁብን። «ብርድ ነው እንጂ ምን አለብኝ፤ ደግሞ ለሳል ደብተር!» አሉ።

የኅዳርና የታኅሣሥ ገጾች ሲሞሉ መልኩ ታየ። በብዛት የሚያርፉት እንጀራ በተጋገረ ማግስት ነበር። ይህም ሁልጊዜ አልነበረም፤ ያልደረቀ ኩበትና እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል በነደደ ጊዜ ነው። ሁለተኛው የጤፍ ውቂያ ነበር፣ የጭዱ ብናኝ። ሦስተኛው በርበሬ የታመሰበት ቀን። አራተኛውን ማናችንም አልጠበቅነውም። ለፈጅር ተነስተው ፊታቸውን ሳይሸፍኑ ወደ ውርጩ የወጡባቸው ጠዋቶች ነበሩ። ስለዚህ «ብርድ ነው» ማለታቸው ሙሉ በሙሉ ስህተት አልነበረም። ቀዝቃዛና ደረቅ አየር የታመመ ቧንቧን ያጠብባል፤ አፍና አፍንጫን በሻሽ ሸፍኖ መውጣት የሚተነፍሱትን አየር ያሞቀዋል።

አምስተኛውን ስናነብ አፈርን። እኛ ከዩኒቨርሲቲ በመጣን በሳምንቱ ነው የባሰባቸው። የዶርም ጉንፋን ይዘን በጢም ባለ አውቶቡስ ገብተን እናቶቻችንን አቅፈን እንስማለን። ይህን በሽታ ከሚቀሰቅሱት ሁሉ በጣም የተለመደው ደግሞ ጉንፋንን የመሰለ የመተንፈሻ አካል ኢንፌክሽን ነው። ጉንፋን ይዞት ወደ ቤት የሚሄድ ሰው ማስክ ያድርግ፣ እጁን ይታጠብ፣ ለጥቂት ቀናትም ከመሳም ይቆጠብ። ቅር ቢላቸውም ምክንያቱን ስናስረዳቸው ይገባቸዋል።

ወደ ማድ ቤቱ እንመለስ። ጭስ ውስጥ ጎጂው ከ2.5 ማይክሮን ያነሰው ብናኝ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ያህል መሆኑን ስታስቡ ለምን እስከ ሳንባ ጥግ እንደሚደርስ ይገባችኋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጣው የ24 ሰዓት ወሰን በአንድ ሜትር ኩብ አየር 15 ማይክሮግራም ነው። በሦስት ጉልቻ እንጀራ የሚጋገርበት ዝግ ማድ ቤት ይህን በብዙ እጥፍ ያልፋል። መብራት ባለበትና ኃይሉ በሚበቃበት ቤት መፍትሔው የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ስለሚስብ ግን በቀጭን ሽቦና በተላላጠ ሶኬት አታስገቡት፤ ይህን እንደ ሙያችን አደራ እንላለን። መብራት በሌለበት ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን ወደ ግማሽ ይቀንሳል፣ ጭሱንም ያሳንሳል።

ይሁን እንጂ ምድጃ መቀየር ብቻውን ሁሉን እንደማይፈታ ማወቅ ያስፈልጋል። በማላዊ ከ10 ሺህ በላይ ሕፃናት የተካፈሉበትና ውጤቱ በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ የተሻሻለ ምድጃ የተሰጣቸው ቤቶች ሕፃናት የሳንባ ምች እንዳልቀነሰላቸው አሳይቷል። በቻይና ዩናን ግዛት፣ ሹዋንዌይ ውስጥ ግን ምድጃቸው ላይ የጭስ ማውጫ የተከሉ ሰዎች ከዓመታት በኋላ በሲኦፒዲ የመያዝ ዕድላቸው ቀንሶ ተገኝቷል። እኛ ከዚህ የወሰድነው ጭሱ ከቤት የሚወጣበት መንገድ ከምድጃው እኩል እንደሚያስፈልግ ነው። የእኛው ቤት ላይ ከክዳኑ በታች በሁለቱ ትይዩ ግድግዳዎች ቀዳዳ ከፈትን፤ ኩበቱንም ለብቻው ደረቅ ቦታ ከመርን። ወጪው የግማሽ ቀን ጉልበት ነበር። ከሰል ጭሱ ባይታይም መርዛማ ካርቦን ሞኖክሳይድ ስላለው በተዘጋ ክፍል አይነድም።

ስለ ቡኹርና ዕጣንም ዝም አንልም። ነጭ ሽንኩርት የበላ ሰው ሽታው ሌላውን እንዳያስቸግር ከመስጂድ እንዲርቅ በሐዲስ ተነግሮናል። ትንፋሽ የሚያሳጥር ጭስማ የበለጠ ልናስብበት የሚገባ ይመስለናል። እንግዳ ለማክበር ቡኹር ስናጨስ ታማሚው ከተቀመጠበት ክፍል ራቅ እናድርገው። ሲጋራና ሺሻማ የሚያከራክሩ አይደሉም፤ የአገራችን አዋጅ ቁጥር 1112/2011 እንኳ በሕዝብ መሰብሰቢያ ቤት ውስጥ ማጨስን ከልክሏል።

አሁን ወደ ረመዳን። ብዙ እናቶች ኢንሄለሩን ፆሙን ያፈርስብኛል ብለው ይተዉታል፣ ከዚያም ይነሳባቸዋል። ፈትዋ የመስጠት ደረጃ የለንም። ዑለሞች ተለያይተውበታል፦ ሸይኽ ኢብን ባዝና ሸይኽ ኢብን ዑሰይሚን አያፈርስም ብለዋል፤ ከሐነፊና ከሻፊዒይ መዝሀብ ብዙዎች ያፈርሳል ይላሉ። የትኛውም ቢያዝ ግን ለታመመ ሰው አፍጥሮ በሌላ ቀን ቀዷ የማውጣት፣ መዳን ለማይጠበቅለትም ፊድያ የመስጠት መንገድ ክፍት ነው። ስለዚህ ረመዳን ከመግባቱ በፊት እናታችሁን ይዛችሁ ሐኪሙንም የአካባቢውን ሸይኽም ጠይቁ። የቀኑ መጠን በሱሑርና በኢፍጣር ሰዓት ሊወሰድ የሚችል መሆኑን የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

የአጠቃቀሙም ነገር አለ። ብዙ ሰው ሲነፋው መድኃኒቱ ምላሱ ላይ ይቀራል። ንጹሕና ደረቅ የግማሽ ሊትር የውኃ ፕላስቲክ ታቹ ላይ በኢንሄለሩ አፍ ልክ ተቀዶ ሲገጠም፣ መድኃኒቱ ፕላስቲኩ ውስጥ ይበተንና ታማሚው ቀስ ብሎ በጠርሙሱ አፍ ይስበዋል። መጀመሪያ ጤና ባለሙያው ፊት አሳዩት።

ሲነሳ አትጠብቁ። አክታው ቀለሙን ከለወጠና ትንፋሹ ከወትሮው ካጠረ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ። አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተ፣ ከንፈር ከጠቆረ ወይም ግራ መጋባት ከመጣ በቀጥታ ሆስፒታል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ ለደከመ ሳንባ የሚተርፈው ኦክስጅን ጥቂት ነው።

የእኛዋ እናት አሁን በርበሬ ደጅ ላይ ያስምሳሉ፣ ውቂያ ሲሆንም ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ይቆማሉ። ውቂያውን ጨርሰው መተው ግን እምቢ ብለዋል፤ ደብተሩ ላይ ያ ዓምድ ገና እየተጻፈ ነው።